ፌዝ አለበት

ጅግጅጋ ውስጥ ሀብተየስን በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። ለብዙው ሰው «ሄሎ ሄሎ» ነው። ስብሰባ ሲኖር ከሁሉም ቀድሞ አዳራሽ የሚገባው፣ ሞንታርቦውን የሚጎትተው፣ ማይኩን አፉ ላይ ደቅኖ ለባዶ ወንበር «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ፣ ሁለት» የሚለው፣ ሰዉ ከተበተነ በኋላም ገመድ ሲጠቀልል የሚያመሸው እሱ ነው። ሰው የዕድሜውን እኩሌታ ለባዶ ወንበር ሰላምታ ሲሰጥ ከኖረ ቢታክተው አይፈረድበትም። ሀብተየስ ታክቶታል። ጉልበቱ ደክሟል፤ ጆሮው ደክሟል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ንግግር ሰልችቶታል። የሰማው ንግግር ሁሉ ውኃ ቢሆን ኖሮ ጅግጅጋ ዛሬ ወደብ ትሆን ነበር።

የመጣው ከፍቼ ነው። «ለሁለት ዓመት ነው፣ ቶሎ እናዛውርሃለን» ብለው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መደቡት፤ ያሉት ሰዎች ራሳቸው ተዛውረው፣ ጡረታ ወጥተው፣ አንዳንዶቹም ሞተው እሱ እዚያው ሸበተ። አግብቶ ወልዶበታል። በ2010 ሐምሌ ከተማው ሲታመስ ሚስቱ መሠረትና ልጆቹ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ዋርሳሜ ቤት ተደብቀው ሰነበቱ። ዋርሳሜ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ፣ መጥቶ ለሚጠይቀው ሁሉ «የእኔ ቤተሰብ ነው» እያለ መለሰ። ነገሩ ሲረጋ ግን መሠረት ልጆቿን ይዛ አዳማ ወረደች። «ሰዎቹን አላማም፤ ዋርሳሜን ዕድሜ ይስጠው። እኔ ግን እንቅልፍ እፈልጋለሁ» አለች። ሀብተየስ ለእንጀራው ሲል ቀረ። ለጊዜው ነው ተባብለው ነበር የተለያዩት። በየማታው ትደውላለች፤ «መቼ ነው የምትመጣው?» ትለዋለች፤ እሱም «ዝውውሩ ሲፈቀድ» ይላታል። ሁለቱም ሌላ ወሬ የላቸውም።

የሚያስታግሠው አንድ ነገር ነበረው። በወጣትነቱ ፍቼ ላይ ጊታር ሊማር የቀበሌ ኪነት ቡድን ገብቶ ገመድ ያዥ ሆኖ ወጥቷል። ጣቶቹ እንቢ አሉ እንጂ ጆሮው አልረሳም። አንድ የእርዳታ ድርጅት ዕቃውን ሸጦ ሲወጣ ሁለት ጥሩ ማይክና አንድ መቅረጫ ገዝቷል። የተከራያትን ክፍል ግድግዳ በብርድ ልብስና በእንቁላል ካርቶን ሸፍኖ፣ በሩ ላይ ፍራሽ አስደግፎ፣ «ስቱዲዮ» ብሎ ሰየማት። ስቱዲዮ ትባል እንጂ እስካሁን የተቀዳባት አንድ የሠርግ ማስታወቂያና የዋርሳሜ ሳል ነው። ሀብተየስ ከጅግጅጋ ከመውጣቱ በፊት አንድ ደህና ነገር መቅዳት ይፈልጋል፤ ንግግር ያልሆነ ነገር። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ምኞቱ ግን ይኸው ብቻ ነበር።

ምኞቱን ሳታውቅ ያመጣችለት ኢዲል ናት። ኢዲል የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ቀልድ የማይገባት የምትመስል፣ ግን በጎን የምትስቅ ሴት። አንድ ቀን ገመድ ሲጠቀልል አጠገቡ መጥታ ቆመች።

«ጋሽ ሀብተየስ፣ አባቴ ጊታር ይጫወታል።»

«አቶ ጉሃድ? የባቡሩ?»

«አዎ፣ የባቡሩ። አንድ ዜማ አለው። ለእናቴ ያወጣው ነው። ሬዲዮ ላይ አልወጣ፣ ካሴት ላይ አልገባ። እሱ ከሄደ አብሮት ነው የሚሄደው። ትቀዳልኛለህ?»

ጉሃድን ከተማው ያውቀዋል። ዕድሜውን አፍደም ላይ የባቡር ሐዲድ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። በወጣትነቱ ካባን ይጫወት ነበር፤ ሶማሌዎቹ ካባን የሚሉት ዑድን፣ የዓረቦቹን ባለ ክር መሣሪያ ነው። ካባኑ ሲሰበርበት ሠሪ ጠፋ፤ አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ የሥራ ባልደረባው ጊታር ትቶለት ሄደ። ጉሃድ ጊታሩን እንደ ጊታር አልተማረውም። ክሮቹን በራሱ ጆሮ አላልቶና አጥብቆ እንደ ካባን ያናግረው ጀመር፤ ይኸው እስካሁን ያናግረዋል። ባቡሩ ሲቆም ጡረታ ወጣ፣ ሚስቱ ስትሞት ደግሞ ጅግጅጋ ልጁ ጋ መጣ።

ሀብተየስ ሽማግሌውን ሊያነጋግር ሄደ። እንደ ከተማው ሰው እሱም በዕድሜ የገፋውን ሰው «አዴር» ይላል፤ አጎት እንደማለት ነው።

«አዴር፣ ጊታሩ ፒክአፕ አለው?»

ጉሃድ ወደ ውጭ ወደ ግቢው በር ተመለከተ። «መኪና የለኝም» አለ። «ባጃጅ እንይዛለን።»

ፒክአፕ ማለት የጭነት መኪና ብቻ እንዳልሆነ፣ ከጊታሩ ሆድ ገብታ የእንጨቱን ንዝረት የምታዳምጥ ትንሽ ዕቃም እንዲሁ እንደምትባል ለማስረዳት አንድ ብርጭቆ ሻይ ፈጀ። እንዲህ ያለች ዕቃ ደግሞ ለካ ነበረችው፤ ከዓመታት በፊት ድሬዳዋ ለአንድ ሠርግ ሲጫወት አስገብተውለታል። ሽማግሌው ሳቀ። ሀብተየስም ሳቀ። ያን ቀን በቋንቋ መሳሳት ቀላል ነገር መስሎት ወደ ቤቱ ሄደ።

ጅግጅጋ ውስጥ ጸጥታ የሚገኝበት ሰዓት አንድ ነው፤ ዙሁር ተሰግዶ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ጫቱ ተይዞ፣ ሰው ሁሉ ወደየምንጣፉ ሲከተት። ያኔ ባጃጆቹ እንኳ ይቆማሉ። ነፋሱ ግን ምሳም አይበላ፣ ጫትም አይቅም፤ ቆርቆሮውን እያንኳኳ ይውላል። ሀብተየስ ነፋሱ የሚተኛበትን ቀን ሲጠብቅ ሰነበተና አንድ ሐሙስ ቀን አገኘው። ኢዲል አባቷን በባጃጅ አድርሳ፣ ትራሱን አስተካክላለት፣ «ሥራ አለብኝ፣ ኋላ እወስደዋለሁ» ብላ ተመለሰች። መመለሷ ነው ነገሩን ሁሉ ያበላሸው፤ ብትኖር ኖሮ ሁለት ቃል ተናግራ ታበርደው ነበር።

ሀብተየስ ለአንዲት ጊታር ሦስት ጆሮ አዘጋጀ። አንዱን ማይክ አንገቷ ከሆዷ በሚገናኝበት ፊት ለፊት አቆመ፤ እዚያ ጣትም ክርም ይሰማል። ሁለተኛውን ከሽማግሌው ቀኝ ትከሻ በላይ አስቀመጠ፤ ተጫዋቹ ራሱ የሚሰማውን ይሰማ ብሎ። ሦስተኛዋ ከሆዷ ያለችው ፒክአፕ ናት። ለስብሰባ አንድ ማይክ ይበቃል፤ ተናጋሪው ሺህ ቃል ቢናገር የሚይዘው አንድ ሐሳብ ነው። ጊታር ግን ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ ትናገራለች። ሀብተየስ ሄድፎኑን ጆሮው ላይ ደፍቶ ቁልፉን ነካና በእጁ «ይጀምሩ» አለ።

ጉሃድ ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ።

ዜማው ከዝቅታ ይነሣል፤ የሚራመድ ነገር አለው፤ የግመል ይሁን የሰው አይለይም። ሀብተየስ ክንዱ ላይ ያለው ጠጉር ሲቆም ታወቀው። ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር ሰማ። ድምፁ ሆድ የለውም። ከላይ ይጮኻል፣ ከሥር ባዶ ነው። ቁልፉን አዙሮ አንዱን ማይክ ለብቻው አዳመጠ፤ ጥሩ ነው። ሁለተኛውን አዳመጠ፤ ግሩም ነው። አብሮ ሲያደርጋቸው ጊታሯ ቆርቆሮ ትሆናለች። ሙያተኞቹ ይህን «ፌዝ» ይሉታል፤ ከፈረንጁ የመጣ ቃል ነው። ሁለት ማይክ አንዱን ድምፅ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ለዐይን ጥቅሻ ያህል ዘግይቶ ሲሰማው፣ ሁለቱ ሲገናኙ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ማይኩን አንድ ጣት ያህል ማንቀሳቀስ ይበቃ ነበር። ግን ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲጫወት ተነሥተህ ማይክ አትነካም። ያልቅ ብሎ በጭንቀት እየተቁነጠነጠ ጠበቀ።

ዜማው ወረደ፣ ወረደና ቆመ። ዝም አለ። ጉሃድ ዓይኑን አልገለጠም፣ ጣቱ ግን ከክሩ ተነሥቷል። ሀብተየስ ትንሽ ጠበቀ። አለቀ ብሎ ተነፈሰ። ጆሮው በሄድፎን የተደፈነ ሰው ደግሞ ቀስ ብሎ የተናገረ እየመሰለው ይጮኻል።

«ፌዝ አለበት!» አለ። «ይሄ ፌዝ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ፌዝ ነው። እንዲህማ አይሆንም!»

ሽማግሌው ዓይኑን ገለጠ። ሀብተየስን አይቶ፣ ከዚያ ጊታሩን አየ። በትከሻው ጣል ባደረጋት ፎጣ ክሮቹን ጠረገ፣ ጊታሩን ወደ ከረጢቱ መለሰና ተነሣ።

«ደከመዎት አዴር?»

«ደክሞኛል።»

«እኔም ይቺን ማይክ ላስተካክል። ነገ እንደግመዋለን።»

«ኢንሻአላህ» አለ ጉሃድ። ጅግጅጋ የኖረ ሰው ኢንሻአላህ ሁለት ዓይነት መሆኑን ያውቃል፤ የሚመጣ ሰው ኢንሻአላህና የማይመጣ ሰው ኢንሻአላህ። ሀብተየስም ያውቃል። የዚያን ቀን ግን ልቡ ማይኩ ላይ ስለነበር አልለየውም። ኢዲልን እንኳ ሳይጠብቅ ሽማግሌው ራሱ ባጃጅ አስቁሞ ሄደ።

በማግስቱ አልመጣም። ሀብተየስ ደወለ፤ አልተነሣም። መሥሪያ ቤት ኢዲል ስታልፍ ሰላም አላለችውም። ሁለተኛ ቀንም አላለችው። ቢጠይቃት ነገሩ ያን ጊዜ ባለቀ። ግን የታከተው ሰው ለጥያቄም ጉልበት ያጣል። «አሟቸው ይሆናል» አለ በልቡ። ከዚያ «አቀዳዴን አልወደዱትም ይሆናል» አለ። ከዚያ የወሩ ስብሰባዎች መጡ፣ ሞንታርቦው ተጎተተ፣ ሄሎ ሄሎ ተባለ። የተቀዳውን ከኮምፒውተሩ አላጠፋውም፤ ለማጥፋትም መክፈት አለበት፣ መክፈቱ ያመዋል። መሠረት ማታ ስትደውል «ምነው ድምፅህ?» አለችው። «ምንም፣ ንግግር በዝቶብኝ ነው» አላት። ሰው በሌለበት ከተማ ውስጥ የቀረ ያህል ብቸኝነት ተሰማው።

ኅዳር ሲገባ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ኢዲል የስቱዲዮዋን በር አንኳኳች። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች እንጂ አልተቀመጠችም።

«የአባቴን ድምፅ ስጠኝ።»

«ኢዲል፣ ያለቀ ነገር እኮ የለም። ይመጣሉ ብዬ ስጠብቅ ነው የከረምኩት።»

«ያፌዝክበትንም ቢሆን ስጠኝ።»

ሀብተየስ የሰማውን ማመን አቃተው። «ምን አደረግኩበትን?»

«ጋሼ፣ አትካድ። እሱ ውሸት አያወራም። ዓይኑን ጨፍኖ የእናቴን ዜማ ሲጫወት 'ፌዝ ነው፣ ከመጀመሪያው ፌዝ ነው' ብለህ ጮህክበት። በቤትህ። እንግዳህ አድርገህ።»

ሀብተየስ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። መብራት ኃይሎች ፖል ላይ ወጥተው «አንድ ፌዝ ጠፍቷል» ሲሉ ማንም አይቀየማቸውም፤ ስለ ሽቦ ነውና። እሱም ስለ ሽቦ ነበር የተናገረው። ለሰማው ሰው ግን ያ ቃል ሌላ ትርጉም የለውም። አንድ ሽማግሌ ልቡን ከፍቶ ሲያወጣ «ታፌዛለህ» ተብሏል፤ በጩኸት፣ ያውም ሦስት ጊዜ። ሀብተየስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነና በጣቶቹ መሃል ነገሩን አስረዳት፤ የማይኮቹን ርቀት፣ የፈረንጁን ቃል፣ የሄድፎኑን መደፈን። ኢዲል ጣሪያውን እያየች ሰማችው። ከአፏ የወጣው ሳቅ ይሁን ልቅሶ ለራሷም የለየላት አልመሰለም።

«ከዚያ ቀን ጀምሮ ጊታሩን አልነካም» አለች። «'ሕዝቡ ሲያጨበጭብልኝ የኖረው ለካ አፍሮ ነው' አለኝ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ግራ እጁ አልታዘዝ አለው። ሐኪም ቤት አደረስነው። ምላሱ ደህና ነው፣ እግሩም ደህና ነው። ጣቶቹ ግን ክር አይዙም። ከእንግዲህም አይዙም አሉን። ለዚህ ነው የመጣሁት። ያለው አንተ ጋ ያለው ብቻ ነው።»

ሀብተየስ ኮምፒውተሩን ከፍቶ አሰማት። ያችው ጊታር፣ ያችው ሆድ የሌላት ድምፅ። ኢዲል ግድግዳውን ተደግፋ እያዳመጠች እንባዋ ወረደ። ዜማው ወረደና ቆመ። ዝም ተባለ። ከዚያ ከዝምታው መሃል የሀብተየስ ጩኸት ወጣ፣ «ፌዝ አለበት!»

«ቀጥለው» አለች።

«ይኸው ነው። አለቀ።»

«አላለቀም። ባልዲው መቼ ወጣ?»

«የምን ባልዲ?»

ኢዲል ለሕፃን ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብላ አስረዳችው። አባትና እናቷ የተዋወቁት ኤረር አካባቢ ከአንድ ጥልቅ ጉድጓድ ላይ፣ ግመል ሲያጠጡ ነው። ዜማው የዚያ ጉድጓድ ዜማ ነው። መጀመሪያ ግመሎቹ ይመጣሉ። ከዚያ ባልዲው ይወርዳል። ባልዲው ሲወርድ ገመድ ያዡ አይናገርም፤ ውኃ ሲነካ የሚሰማው ድምፅ እንዳያመልጠው ጆሮውን ይሰጣል። እዚያ ጋ ጉሃድ ዝም ይላል። የሚያውቀው ሰው ሁሉ አብሮት ዝም ይላል። ከዚያ ነው ውኃው የሚወጣው፣ ትልቁ ዜማ የሚመጣው። እናቷ ያለችው እዚያኛው ውስጥ ነው።

«አንተ የተናገርከው ባልዲው ታች ሳለ ነው» አለች።

ሀብተየስ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። ሥራው ሌላው ሲናገር ዝም ማለት ነው። ስንቱን የማይረባ ንግግር እስከ መጨረሻው በዝምታ የጠበቀ ሰው፣ ዝም ማለት በሚገባው ብቸኛዋ ቦታ ላይ ተናገረ። ያ ሽማግሌ ጣቱ ሲታዘዝለት የተጫወታት የመጨረሻ ጨዋታ በእሱ ድምፅ ተዘግታለች። አሁን ማይክ ቢያንቀሳቅስ ምን ይረባዋል?

ማታውን ለዋርሳሜ ነገረው። ዋርሳሜ ሳቁን ለመያዝ ሞክሮ አልቻለም፤ ከሳቀ በኋላ ግን ቁም ነገሩን ያዘ።

«ሐል ትከፍላለህ» አለው።

«ሳላጠፋ?»

«አጥፍተሃል አላልኩህም። ሰውየው ክብሩ ተነክቷል። አውቀህ ነካኸው፣ ሳታውቅ ነካኸው፣ የተነካው ያው ነው። ሽማግሌ ይዘህ፣ ከእጅህ የሆነ ነገር ይዘህ ትሄዳለህ። ሐል ማለት ይኸው ነው። ሽማግሌው እኔ ነኝ።»

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሄዱ። ሀብተየስ አዲስ ሽርጥና ስኳር ይዟል፤ በትከሻው ደግሞ ኮምፒውተሩንና የመሣሪያ ቦርሳውን። ጉሃድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀኝ እጁ መቁጠሪያ ይዟል፤ ግራው ጭኑ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጧል። ዋርሳሜ በሶማልኛ ረጅም ንግግር አደረገ። ሀብተየስ ከንግግር ሁሉ ያ ብቻ ባያጥር ብሎ ተመኘ፤ ሲያልቅ እሱ መናገር አለበትና። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰማና ሽርጡን በቀኝ እጁ ወደ ጎን ገፋ አደረገው።

«ሽርጥ አለኝ» አለ በአማርኛ። «አፍደም ሥራ ስገባ አማርኛ አላውቅም። አለቃ ይሄን አምጣ ይላል፣ እኔ ሌላ አመጣለሁ። 'ፌዘኛ' ይለኛል። ከአማርኛ መጀመሪያ ያወቅኩት ቃል እሱ ነው። እንጀራ የሚለውን ቃል ከእሱ በኋላ ነው ያወቅኩት። አንተ ያን ቀን ስትለኝ፣ አሁንም እዚያ ነኝ አልኩ። ሸምግዬም እዚያው ነኝ።»

«አዴር፣ እኔ ያልኩት...»

«ኢዲል ነግራኛለች። ሌላ ፌዝ አለ አለች። እኔ አላየሁትም። ሐሌ እሱ ነው። ፌዙን አሰማኝ።»

ሀብተየስ ሄድፎኑን በሽማግሌው ጆሮ ላይ በእጁ አደረገለት። አንደኛውን ማይክ አሰማው። ጉሃድ ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛውን አሰማው። ነቀነቀ። ሁለቱን ባንድ ላይ ሲያሰማው ግንባሩ ተኮማተረ።

«ሁለቱም እውነቱን ነው የሚናገሩት» አለ ሀብተየስ። «አንዱ ግን ቀድሞ፣ አንዱ ዘግይቶ። ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ያጠፋል።»

«ሐዲድ ላይ የምንገፋው ጋሪ ነበረን» አለ ሽማግሌው። «ሁለት ሰው በየራሱ ሰዓት ከገፋ ጋሪው አይሄድም። ሁለቱም ያልባቸዋል፣ ጋሪው ቆሟል።»

«እሱ ነው አዴር። ልክ እሱ ነው።»

ሀብተየስ አንዱን መስመር በጣም ጥቂት፣ ለዐይን እንኳ የማይታይ ያህል፣ ወደ ኋላ ሳበው፤ የፒክአፗንም እንዲሁ። ከዚያ እንደገና ከፈተው። ጊታሯ ሆድ አወጣች። የሽማግሌው አፍ ትንሽ ተከፈተ፤ ቀኝ እጁ መቁጠሪያውን ለቀቀ። ግመሎቹ መጡ። ባልዲው ወረደ። ሀብተየስ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚያውቅ ቁልፉን ሊነካ ሮጠ፣ ግን ደነገጠና ሳተው። ጩኸቱ በሄድፎኑ ውስጥ አልፎ ለክፍሉ ሁሉ ተሰማ። ዋርሳሜ ሳል ያዘው። ጉሃድ አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ሄድፎኑን አውልቆ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው።

«ይቅር ይበሉኝ አዴር» አለ ሀብተየስ። «ለቃሉ አይደለም። ለዝምታው ነው። አላወቅሁም ነበር።»

«ባልዲው ታች ነው» አለ ጉሃድ፣ ያልሰማው ይመስል። «እሷም ታች ናት። እንዲሁ አይቀርም። ማይክ ይዘሃል?»

«አንድ ብቻ።»

«አንድ ይበቃል። እኔም የቀረኝ እጅ አንድ ነው።»

ኢዲል ጊታሩን ከከረጢቱ አውጥታ ጭኑ ላይ አስተኛችለት። ሀብተየስ ማይኩን በትራስ ላይ አስደግፎ ከደረቱ ፊት ለፊት አኖረው። ብርድ ልብስ የለ፣ ካርቶን የለ፣ ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል፣ ከመንገዱ ባጃጅ ይጮኻል። ሌላ ቀን ቢሆን «እስኪያልፍ እንጠብቅ» ይል ነበር። አሁን አላለም።

ጉሃድ ዓይኑን ጨፍኖ በቀኝ አውራ ጣቱ አንዲት ክር፣ ወፍራሟን፣ ሳይዛት ባዶዋን መታ። ከላይዋ በአፉ አንጎራጎረ። ድምፁ የተሰነጠቀ፣ ትንፋሹ አጭር ነበር፤ ገመድ የሚስብ ሰው ትንፋሽ ነበር። ውኃው እየከበደ ይወጣል፤ ይቆማል፣ እንደገና ይሳባል። አንድ ቦታ ላይ የሴት ስም ያለ መሰለ፤ ኢዲል ሻሿን ወደ አፏ ጠጋ አደረገች። ዋርሳሜ መሬት መሬት ያያል። ሀብተየስ ሄድፎን አላደረገም። ያለ ምንም መሸፈኛ፣ በራሱ ጆሮ፣ ከነነፋሱ አዳመጠ። እንባው ሲወርድ አልጠረገውም፤ ጨርቁ ድምፅ ያሰማል ብሎ ፈርቶ ነው።

ክሯ መንቀጥቀጧን አቆመች። ሽማግሌው ዝም አለ።

ሀብተየስ አለቀ አላለም። ይህ ዝምታ ሌላ ባልዲ ይሁን፣ ሌላ ጉድጓድ ይሁን አያውቅም፤ ከእንግዲህ የሚያውቅ መስሎት እንደማይናገር ምሎ ነበር። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ባጃጁ አለፈ። ነፋሱ አንዴ ቆርቆሮውን አነሣና ተወው። የደከመው ጉልበቱ ደነዘዘ፣ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም።

ጉሃድ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ወደ ማይኩ አየ፣ ከዚያ ወደ ሀብተየስ።

«ፌዝ አለበት?» አለ።

«የለበትም አዴር» አለ ሀብተየስ። «አንድ ማይክ ብቻ ነው።»

«ሀዬ» አለ ሽማግሌው፤ እሺ እንደማለት ነው። ገፍቶት የነበረውን ሽርጥም ሳብ አድርጎ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው።

ሀብተየስ ከዚያ በኋላ ሁለቱን ቀረጻ ሲያገናኛቸው የራሱን ጩኸት ከመሃሉ ቆርጦ ጣለው፤ ዝምታውን ምን ያህል እንደሚያስረዝመው ግን አባቷን ጠይቃ ኢዲል ናት የነገረችው። ሽማግሌው በመጨረሻ «ፌዝ አለበት?» ካለውና እሱ ከመለሰለት ላይ ግን ምንም አልቆረጠም።